ብርቅዬ የዱር ድመትን ማዳን ከዶሮ ቤት ይጀምራል፦ ለመንደር ሰዎች የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

አንዲት እናት ዶሮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሌሊቱን ሦስት ዶሮ ሄዶባቸዋል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ዱር ድመቷ አወራለሁ። ቁጥሯ ምን ያህል እንዳነሰ፣ እንዴት እንደምታምር፣ ከዚህ አካባቢ ከጠፋች ተመልሳ እንደማትገኝ። አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ብርቅ መሆኗን ዶሮዎቼም ቢያውቁት ጥሩ ነበር» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ዱር ድመት ሳስብ የምጀምረው ከጫካው ሳይሆን ከዶሮ ቤቱ ነው።

በዓለም ላይ ወደ 40 የሚጠጉ የዱር የድመት ወገኖች አሉ። አንበሳና ነብር ሲጠሩ ሁሉም ያውቃቸዋል። አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ ሌሊት ወጥተው ሌሊት የሚገቡ፣ ስማቸውን እንኳ ጎረቤቶቻቸው የማያውቁት። ብዙዎቹ የሚኖሩት በጫካ ዳር፣ በረግረግ፣ በእርሻ መሃል ነው። ማለትም ከእኛው ጋር። ለዚህ ነው አጥርና ዘበኛ ብቻውን የማያድናቸው። ይህን የጻፍኩት እንዲህ ያለች ድመት አጠገባቸው ላለች፣ ነገር ግን ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ እሷ ናት?

«የዱር ድመት አየሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። ብዙ ጊዜ የታየችው የሰፈር ድመት ናት። አንዳንዴ ደግሞ ሸለምጥማጥ ወይም ጥርኝ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ድመት ይምሰሉ እንጂ ከድመት ወገን አይደሉም።

መለያው እንደየወገኑ ይለያያል። የስኮትላንድን የዱር ድመት ከዝንጉርጉር የቤት ድመት ለመለየት ባለሙያዎች 7 የፀጉር ምልክቶችን ያያሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣሉ። ሙሉ ነጥቡ 21 ነው። ከሁሉ ቀላሉ ጅራቷ ነው፤ ወፍራም፣ ቀለበቶቹ ለየብቻ ጎልተው የሚታዩ፣ ጫፉ ደግሞ ጥቁርና ደነዝ። በጀርባዋ የሚወርደው ጥቁር መስመር ጅራቷ ሥር ሲደርስ ይቆማል። የቤት ድመት ላይ ግን መስመሩ ጅራቱ ላይም ይቀጥላል። የአፍሪካ የዱር ድመት ደግሞ የጆሮዋ ጀርባ ቀላ ያለ ነው፤ እግሯ ረዘም ስለሚል ስትቀመጥ ቀጥ ብላ ነው። እናንተ አካባቢ ያለችውን በሚመለከት እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ምልክቶችን ከባለሙያ ጠይቁ። በአንድ ወረቀት ላይ አሥሉ፤ ለሁሉም አዳርሱ።

ዱካም ይረዳል። የድመት ዱካ ክብ ይላል፤ ስትራመድ ጥፍሯን ስለምትሰበስብ የጥፍር ምልክት የለውም። የውሻ ግን ረዘም ይላል፤ ጥፍሩም ይታያል። ዱካ ብቻ አይታችሁ ግን የቤቷንና የዱሯን ለመለየት አትድከሙ። እዳሪዋን ካገኛችሁና የሚመረምርላችሁ ተቋም ካለ፣ በእንጨት አንስታችሁ በደረቅ የወረቀት ፖስታ አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ቀኑንና ቦታውን እዚያው ፖስታው ላይ ጻፉ።

ከዚያ አንድ ደብተር ክፈቱ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አየ፣ ከምን ያህል ርቀት፣ ፎቶ አለ ወይስ የለም። ወሬውን በሦስት ክፈሉት፦ ፎቶ ያለው፣ የሚታመን ሰው በቅርብ ያየው፣ «እንትና አየሁ አለ» የተባለው። ሦስተኛውንም አትጣሉት። ካሜራ የት እንደምትሰቅሉ የሚጠቁማችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ከማስተማር በፊት መጠየቅ

ትልቅ ስብሰባ አልወድም። ሃምሳ ሰው ይመጣል፤ ሁለት ሰው ይናገራል። ከሰባት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ግን እነማን? ዶሮ የሚያረቡ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ሌሊት የሚያሽከረክር ሹፌር፣ የእንስሳት ሐኪም፣ አዳኝ ካለ አዳኙ፣ እና ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች የምትቀልበዋ ሴት። የመጨረሻዋን አትርሱ። በኋላ ያለ እሷ የማይሠራ ሥራ አለ።

የመጀመሪያው ቀን አጀንዳ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስለዚህች ድመት ምን ይባላል?» በአንዲስ ተራሮች የምትኖረው የአንዲስ ድመት በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ1,400 እንደማይበልጡ ይገመታል። የተራራው ሰዎች ግን ከጥንት ጀምሮ ክብር ይሰጧታል፤ ከተራራ መናፍስትና ከከብት መርባት ጋር ያያይዟታል። ይህ እምነት ግን ሁለት መልክ አለው። በአንዳንድ ቦታ ቆዳዋ ተዘጋጅቶ ለከብት በረከት በሚደረግ ሥርዓት ላይ ይቀርባል። በ1999 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአርጀንቲና፣ በቦሊቪያ፣ በቺሊና በፔሩ ያሉ ሰዎች ያቋቋሙት የአንዲስ ድመት ጥምረት ሥራውን ሲሠራ ይህን እምነት ይዞ ነው። ክብሩን ካወቃችሁ ከክብሩ ትነሳላችሁ። ሳታውቁ ከገባችሁ ግን የምትናገሩት ሁሉ የባዳ ንግግር ይሆናል።

በዚሁ ጊዜ ሕጉን አጣሩ። በአብዛኛው አገር የዱር እንስሳ ለመያዝ፣ ለመንካት፣ በጥብቅ ክልል ካሜራ ለመስቀል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማመልከቻው በመጀመሪያው ሳምንት ይግባ። እስከዚያ ዶሮ ቤት ለመጠገን የማንም ፈቃድ አያሻም።

ደረጃ 3፦ ካሜራ መስቀል

እንቅስቃሴና ሙቀት ሲሰማው በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሦስት ወይም አራት ካለ ለጅምር በቂ ነው።

እኔ መጀመሪያ የሰቀልኩት ካሜራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአራት ሺህ በላይ ፎቶ ይዞ ጠበቀኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከፈትኩት። ሣር ነው። አንዲት የሣር ዘለላ፣ ነፋስ ሲመታት፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ያቺን ሣር ዛሬም ባያት አውቃታለሁ። ስለዚህ ከካሜራው ፊት ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ መጀመሪያ አጽዱ።

ከፍታው ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሰው በራሱ ደረት ልክ መስቀል ይቀናዋል፤ ያኔ ድመቷ ከሥሩ ታልፋለች። ድመቷ ታልፍበታለች ከምትሉት መንገድ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይራቅ። ፀሐይ ወደምትወጣበትና ወደምትገባበት አታዙሩት። ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ። ከዚያ አንዳችሁ በእጅና በጉልበት እየዳኸ በፊቱ ይለፍ። ያስቃል፤ ግን ካሜራው የድመት ቁመት ያለውን ነገር ማንሳት አለማንሳቱን የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው።

ዝንጉርጉር ድመት እያንዳንዷ የራሷ መልክ አላት፤ ልክ እንደ ጣት አሻራ። የግራ ጎኗ ግን ከቀኝ ጎኗ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ የት ቦታ ደጋግማ እንደምትመጣ ካወቃችሁ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ስቀሉ፤ ብልጭታቸው እንዳይጋጭ ትንሽ አዛንፏቸው። አለዚያ አንዷን ድመት ሁለት ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። ሃያ ፎቶ ሃያ ድመት አይደለም። ፎቶ አለመገኘቱም ድመት የለችም ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር ይቆይ።

ቀጥሎ ያለውን ሁለቴ አንብቡት። ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ለማንም አታውጡ። በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ቦታውን በውስጡ ሊመዘግብ ይችላል፤ ከመላካችሁ በፊት አጥፉት። ለቆዳዋ የሚፈልጋት ሰው የናንተን ገጽ ከናንተ ይልቅ በትጋት ይከታተላል። ካሜራው ሰው ካነሳ ደግሞ ፎቶውን ወዲያው ሰርዙ፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ለነዋሪው ተናገሩ። እንጨት ለቅማ የምትመለስ ሴት ተሰልላለች ብላ ካሰበች ካሜራችሁ አንድ ሳምንት አያድርም።

ደረጃ 4፦ ዶሮ ቤት

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? የዱሯማ ጭራሽ አልመነኮሰችም። ክፍት በር ካገኘች ትገባለች። ስለዚህ እሷን ለማሻሻል ሳይሆን በሩን ለማስተካከል ነው የምንለፋው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዩ። ውሻ፣ ሸለምጥማጥ፣ ፋሮ፣ አይጥ ሳይቀር ጫጩት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ በዱር ድመቷ ስም የሚመዘገበው ዶሮ የሌላ ነው። አንድ ካሜራ ለሁለት ሳምንት ዶሮ ቤቱ ፊት ስቀሉ። ባለቤቱ ራሱ ፎቶውን ሲያይ ከእናንተ መቶ ንግግር ይበልጣል።

ከዚያ ምሽት ላይ ይህን አድርጉ። አንድ ሰው መብራት ይዞ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ይግባ። በሩ ይዘጋ። ሌላው ውጭ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ዙሪያውን ይዙር። ብርሃን ያየበትን ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት ያድርግበት። ቀን ላይ ደህና የሚመስል ግድግዳ ማታ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ትንሽ ድመት ጭንቅላቷ ካለፈ አካሏ ያልፋል። የሕፃን ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ መደፈን አለበት።

ሽቦውን በሚመለከት፦ ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይከለክልም። በጥርስም በጥፍርም ይቀደዳል። የተበየደ፣ ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ይሻላል። አቅም ከሌለ ቢያንስ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ያለውን በእሱ ሸፍኑ። ጣሪያውንም አትርሱ፤ ድመት ትወጣለች። ከሥር ቆፍሮ የሚገባውን ለመከልከል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሽቦ ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ አንጥፋችሁ አፈርና ድንጋይ ጫኑበት። የሚቆፍር እንስሳ ሁልጊዜ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፤ ሽቦው ያግተዋል።

ቆጡ ከግድግዳው ራቅ ይበል። ዶሮ ግድግዳ ተደግፋ ካደረች ውጭ ያለ እጅ ላባዋን ይይዛል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ በሩ ከተረሳ ግን ምንም ዋጋ የለውም። ስንት ዶሮ ቤት እንደጠገንን ረስቻለሁ፤ ዶሮ የጠፋባቸውን ሌሊቶች ግን ስንጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ «ያን ቀን አምሽተን ገባን።» ፀሐይ ስትገባ በር የሚዘጋው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። አባት ከሌለ ልጅ፣ ልጅ ከሌለ ጎረቤት።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ድመቷ አንድ ዶሮ ትበላለች፤ ስድስት ግን ገድላ ትሄዳለች። ሰው ይህን ሲያይ ክፋት ይመስለዋል። ጠባብ ቦታ ውስጥ ዶሮዎች ሲንጫጩና ሲያርገበግቡ የማደን ስሜቷ አይቆምላትም። በዱር እንዲህ ያለ ዕድል አያጋጥማትም፤ አንዷን ስትይዝ ሌሎቹ ይበራሉ። ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ብስጭቱን ባያጠፋውም ጥላቻውን ያቀዘቅዘዋል።

ካሳስ? ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ለሽቦ ይዋል። ካሳ ይዘገያል፤ ያጣላል፤ በሩን ክፍት የተወውን ሰው በሩን ከዘጋው እኩል ያደርጋል። ከካሳ ይልቅ የሚሻለው ዕድር መሰል መዋጮ ነው። በፓኪስታን ባልቲስታን ከ1999 ጀምሮ እረኞች እንዲህ ሠርተዋል። የበረዶ ነብር ፍየላቸውን ስለሚወስድባቸው ራሳቸው እያዋጡ፣ ከውጭ የሚገባው ገንዘብም እየተጨመረ፣ ፍየል ለተበላበት ይከፈላል። ጥቅሙ ገንዘቡ ላይ ብቻ አይደለም። የውሸት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚዋሸው ጎረቤቱን ይሆናል፤ ጎረቤት ደግሞ ያውቃል።

ደረጃ 5፦ የቤት ድመቶች

እዚህ ላይ ሰው ይገረማል። የብዙ የዱር ድመቶች ትልቁ ጠላት አዳኝ አይደለም፤ ምድጃ ዳር የተኛችው ናት።

የቤት ድመት የመጣችው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች የዱር ድመት ነው። ዝምድናው ቅርብ ስለሆነ ከአፍሪካና ከአውሮፓ የዱር ድመት ጋር ትዋለዳለች። ልጆቹም ይወልዳሉ። ማንም ሳይተኩስ፣ ማንም ሳያጠምድ የዱሯ ዘር በትውልዶች ውስጥ ይሟሟል። ስኮትላንድ የደረሰባት ይህ ነው። በ2019 ባለሙያዎች የዱር ድመቷ ቁጥር ራሱን ችሎ መቀጠል ከማይችልበት ደረጃ ደርሷል አሉ። ከዚያ በኋላ ሃይላንድ የዱር እንስሳት ፓርክ ውስጥ ተረብተው በ2023 በኬርንጎርምስ ተራሮች መለቀቅ ጀመሩ፤ የተለቀቁትም በ2024 በዱር ወለዱ። መልቀቁ ግን ብቻውን አይበቃም ነበር። በዙሪያው ያሉ ባለቤት አልባ ድመቶች እየተያዙ፣ እየመከኑና እየተከተቡ ይመለሳሉ።

የናንተዋ የዱር ድመት ከቤት ድመት ጋር የማትዋለድ ወገን ብትሆንም በሽታው አለ። በ2007 በስፔን ዶኛና ብሔራዊ ፓርክ በድመቶች መካከል የሚተላለፍ የደም ካንሰር ቫይረስ ገብቶ በጊዜው እጅግ ጥቂት ከነበሩት የአይቤሪያ ሊንክሶች (በስፔንና በፖርቱጋል የሚኖሩ የዱር ድመቶች) በርካቶቹን ገድሏል።

ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቆጠራ። ቤት ለቤት እየሄዳችሁ ስንት ድመት እንዳለ፣ ስንቷ እንደመከነች፣ ስንቷ እንደተከተበች ጻፉ። በጃፓኗ ኢሪኦሞቴ ደሴት የቤት ድመት ማስመዝገብ በአካባቢው ደንብ የተደነገገ ነው። እናንተ ደንብ ላይኖራችሁ ይችላል፤ ደብተር ግን አላችሁ።

ቀጥሎ ባለቤት ያላቸው። የእንስሳት ሐኪሙ የሚመጣበትን ቀን ቁረጡና በአንድ ቀን ብዙ ድመት ይምጣ። ሴት ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ነው። «ገና ሕፃን ናት» የሚለው ባለቤት በዓመቱ መጨረሻ አያት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አራት ወር ሳይሞላት ይሠራ።

በመጨረሻ ባለቤት የሌላቸው። ያቺ ድመት ቀላቢ እዚህ ላይ ነው የምታስፈልገን። የትኛዋ መቼ እንደምትመጣ፣ የትኛዋ እንደምታጠባ የምታውቀው እሷ ናት። ወጥመዱ ሳይጎዳ የሚይዝ የሽቦ ሳጥን ይሁን። ከመያዣው ቀን በፊት ለጥቂት ቀናት በሩ ታስሮ ምግቧን እዚያው ውስጥ ትብላ፤ ትለምደዋለች። በመያዣው ቀን ወጥመዱን ጥላችሁ አትሂዱ። እንደተያዘች ጨርቅ አልብሱት፤ ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች። የምታጠባ ከሆነች ልጆቿ እየጠበቋት ነውና ልቀቋት፤ ቀኗን ጠብቁላት። የመከነችው ላይ ሐኪሙ የጆሮዋን ጫፍ በማደንዘዣ ውስጥ እያለች ትንሽ ይቆርጣል። ከሩቅ ስትታይ ሥራዋ ያለቀ መሆኑ ይታወቃል፤ ሁለተኛ አትሰቃይም።

የዱሯ ብትያዝስ? ፎቶ አንሱ፤ አትንኳት። በፈቃዳችሁ ላይ በተጻፈው መሠረት ባለሥልጣኑን አሳውቃችሁ እዚያው ልቀቁ። ይህ ሊደርስ ስለሚችል ነው ያለ ፈቃድ ወጥመድ አይነሳ የምለው።

የሰፈር ድመቶችን በመርዝ መጨረስ የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። መርዙ የትኛዋ የዱር፣ የትኛዋ የቤት እንደሆነች አይጠይቅም። በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ የአይጥ መርዝ

መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ቀናት ይወስድበታል፤ እስከዚያ እየደነዘዘ በየሜዳው ይንገዋለላል። ለድመት ከዚያ የቀለለ አደን የለም። በመርዝ ፋንታ እህሉን ክዳን ባለው በርሜል ማስቀመጥ፣ የጎተራውን እግር በቆርቆሮ መጠቅለል፣ መቺ ወጥመድ መጠቀም። ይኸው ነው።

ደረጃ 7፦ መንገድ

ኢሪኦሞቴ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ የዱር ድመቶች ብቻ አሉ። ደሴቷ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር ታንሳለች። ድመቷ እንቁራሪትም፣ እንሽላሊትም፣ ወፍም ትበላለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ እንቁራሪቶቹ አስፋልት ላይ ይወጣሉ። የቀረውን መገመት አያቅትም። በመቶ ውስጥ አንዷን መኪና መግጨት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። እዚያ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተተክሏል፤ ከመንገድ በታች የእንስሳት መሻገሪያም ተሠርቷል።

እናንተ መሻገሪያ መሥራት ላትችሉ ትችላላችሁ። ግን የተገጩ እንስሳት የተገኙበትን ሁሉ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጉ። ድመት ብቻ ሳይሆን ጥንቸልም፣ ወፍም። በአንድ ዓመት ውስጥ ነጥቦቹ ሁለት ሦስት ቦታ ይከማቻሉ። ምልክትም ሆነ ፍጥነት መቀነሻ የምትጠይቁት ለእነዚያ ቦታዎች ብቻ ነው። «መንገዱ ሁሉ» የሚል ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ «ከድልድዩ ወዲህ ያለው 200 ሜትር» የሚል ግን ሰው ይላካል። ቀድሞ ያለ የውሃ ቱቦ ካለም አፉን ከቆሻሻ አጽዱ፤ በዳሩ እግሯን ሳታርስ የምታልፍበት ደረቅ ድንጋይ ደርድሩ። አስፋልት ላይ የሞተ ጥንቸል ወይም ወፍ ስታዩ በእንጨት ወደ ዳር አርቁት፤ ልትበላ መጥታ እሷም እንዳትገጭ።

የሞተች የዱር ድመት ካገኛችሁ ፎቶ፣ ቦታ፣ ሰዓት። በባዶ እጅ አትንኳት። ለባለሥልጣኑ ደውሉ፤ ሬሳው ለተመራማሪ ብዙ ይናገራል።

ደረጃ 8፦ ምን ትበላለች? የት ትተኛለች?

የአይቤሪያ ሊንክስ ታሪክ በአብዛኛው የጥንቸል ታሪክ ነው። አንድ ሊንክስ በቀን አንድ ጥንቸል ያህል ይበቃዋል፤ ልጆች ያሏት እናት ግን እስከ ሦስት ትፈልጋለች። በሽታ ጥንቸሎቹን ሲጨርስ ሊንክሱም አብሮ አለቀ። በ2002 የቀሩት ከ100 በታች ነበሩ። ሥራው የተሠራው ከባለ መሬቶችና ከአዳኞች ጋር ውል እየተገባ፣ ጥንቸል እየተመለሰ፣ የተረቡ ሊንክሶች እየተለቀቁ ነው። በ2023 ቁጥሩ ከ2,000 አለፈ። ጥንቸል የሚያድን ሰው ሊንክስን እንደ ተቀናቃኝ ያይ ነበር፤ ያለ እሱ ፈቃድ ግን አንድም ኮረብታ ባልተገኘ።

ስለዚህ እናንተም ድመቷን ከመቁጠር ጎን ለጎን ምግቧን ቁጠሩ። ዓሣ አጥማጇ ድመት ዓሣና ረግረግ ትፈልጋለች። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል የግዛቱ መለያ እንስሳ ናት፤ የምትኖርበት ደንገልና ኩሬ ግን አብዛኛው ጥብቅ ክልል ውስጥ አይደለም። ቲያሳ አድያ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በዚያ የጀመረችው ሥራ የመንደሩን ሰው ይዞ ነው የሄደው። በጎረቤቷ ኦዲሻ ግዛት ደግሞ በ2022 ቺሊካ ሐይቅ ላይ በተደረገ ቆጠራ 176 ዓሣ አጥማጅ ድመቶች እንዳሉ ተገምቷል።

የመኖሪያዋ ጉዳይ አንዳንዴ አለመሥራት ነው። የወደቀውን ግንድ አለማንሳት፣ የወንዙን ዳር ቁጥቋጦ አለመመንጠር፣ በሁለት ጫካ መሃል ያለውን የእርሻ ድንበር በአጥር ተክል መተው። ድመት ገላጣ ሜዳ መሻገር አትወድም። ገበሬው ጥቅም ቢያገኝበት ደግሞ የተሻለ ነው። በጃፓኗ ቱሺማ ደሴት ገበሬዎች የመድኃኒት ርጭት ቀንሰው ያመረቱትን ሩዝ በደሴቷ የዱር ድመት ስም ይሸጣሉ። እንቁራሪትና አይጥ ያለበት ማሳ የድመቷም ማዕድ ነው።

ደረጃ 9፦ ልጅ ግልገል ይዞ ሲመጣ

ይመጣል። በካርቶን፣ በሹራብ ተጠቅልላ። «እናቷ ጥላት ሄዳ ነው» ይላል። አልጣለቻትም፤ አደን ሄዳ ነው። ልጁን አትቆጡት። የት እንዳገኛት በትክክል ያሳያችሁ፤ ከተወሰደች ብዙ ካልቆየች እዚያው መልሷትና ራቁ። አጠገቧ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ እናት አትመጣም። ከሩቅ ወይም በካሜራ ጠብቁ፤ ሌሊቱን ይለፍ። ከቆሰለች፣ ከቀዘቀዘች ወይም እናቷ አጠገቧ ሞታ ከተገኘች ብቻ ለባለሙያ ደውሉ። የላም ወተት አትስጡ፤ ተቅማጥ ይገድላታል። ቤት ላሳድጋት የሚለውን ሐሳብ ደግሞ በአራተኛ ወሯ መጋረጃውን ስትወጣና እጃችሁን ስትቧጥጥ ራሷ ታስረሳችኋለች፤ ያኔ ግን ወደ ዱር የምትመለስበት ጊዜ አልፎባታል።

ደረጃ 10፦ ሦስተኛው ዓመት

አንደኛው ዓመት በጉጉት ያልፋል፤ ሁለተኛው በልማድ። ሦስተኛው ላይ ካሜራው ባትሪ ያልቅበታል፤ ማንም አይቀይርም። ብዙ ማኅበር የሚሞተው በጠብ ሳይሆን በባትሪ ነው። ስለዚህ አራት ቁጥር ብቻ በየዓመቱ ያዙ፦ በሌሊት የጠፉ ዶሮዎች፣ የመከኑና የተከተቡ ድመቶች፣ መንገድ ላይ የተገጩ እንስሳት፣ ካሜራ ተሰቅሎ ያደረባቸው ሌሊቶች ከነፎቶው። ካሜራውን በየዓመቱ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ዛፍ ላይ ስቀሉ። ቦታ ከቀያየራችሁ ዘንድሮን ከአምና ማወዳደር አትችሉም። የካሜራው ቁልፍና ደብተሩ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን፤ ሰው ይታመማል፣ ይሄዳል፣ ይሰለቻል።

የኛን ደብተር አሁን የያዙት እኚያ ዶሮ የሄደባቸው እናት ናቸው። በየሳምንቱ የሚሞሉት ሠንጠረዥ አላቸው። የመጀመሪያውን መስመር ግን ራሳቸው ናቸው የጨመሩት፤ «ዶሮዎቼ፦ 11። በሩ ተዘግቷል።»